ቬክተር ግራፊክስ በቪዲዮ ጌም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቬክተር ግራፊክስ ወሬ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥማችኋል። አንደኛው «ፒክሰል አበቃለት» ባይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እሱማ በፍላሽ (በድሮው የድረ ገጽ አኒሜሽንና ጌም ሶፍትዌር) ዘመን ተሞክሮ የከሸፈ ነገር ነው» ይላችኋል። ሁለቱም ነገሩን አጋነውታል። ላለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ የተቀየረው ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው ቦታ ላይ አይደለም።

ቬክተር ግራፊክስ ሲባል በትክክል ምንድን ነው?

ምስልን ነጥብ በነጥብ ከመመዝገብ ይልቅ ቅርጹን በሒሳብ መግለጽ ነው። ቢትማፕ የሚባለው የተለመደው ምስል የእያንዳንዱን ፒክሰል ቀለም ይይዛል። ቬክተር ግን «ከዚህ ተነስ፣ በዚህ በኩል ጎብጥ፣ እዚያ ድረስ ሂድ፣ ውስጡን ቀይ ቀባው» የሚል መመሪያ ብቻ ነው የሚይዘው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገርማል። 4096 በ4096 ፒክሰል የሆነ፣ ግልጽነትን የሚመዘግብ ቻናል ያለው ቴክስቸር (በጌም ዕቃዎች ላይ የሚለጠፍ ምስል) ሳይጨመቅ 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛል። በ300 ነጥቦች የተሣለ ምልክት ግን ነጥቦቹን ብቻ ብንቆጥር 2400 ባይት ገደማ ይበቃዋል። በዚያ ላይ ምልክቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳድጉት ነጥቦቹ አይጨምሩም።

አብዛኞቹ ቅርጾች የሚሠሩት በቤዚየር ኩርባ ነው። ኩርባዎቹ የመጡት ከመኪና ፋብሪካ ነው። ሬኖ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፒየር ቤዚየርና ሲትሮየን ውስጥ የነበረው ፖል ደ ካስቴልዦ የመኪና አካል ቅርጽን በሒሳብ ለመግለጽ ሲሉ ለየብቻቸው ደረሱባቸው። ባለ ሦስት ነጥቡ ኩርባ በትሩታይፕ ፎንቶች ውስጥ አለ። ባለ አራት ነጥቡን ደግሞ በአብዛኞቹ የሥዕል ሶፍትዌሮች ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ? ድሮም ነበር እኮ!

ነበር እንጂ። በ1977 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የሲኒማትሮኒክስ «ስፔስ ዋርስ»፣ በ1979 የአታሪ «አስትሮይድስ»፣ በ1980 «ባትልዞን» ሁሉም በቬክተር ስክሪን ላይ የሚሠሩ ነበሩ። በ1981 «ቴምፔስት» ቀለም ጨመረበት። በ1982 ደግሞ «ቬክትሬክስ» የራሱን ቬክተር ስክሪን ይዞ ለቤት መጣ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ፒክሰል የሚባል ነገር የለም። የኤሌክትሮን ጨረሩ ራሱ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየሄደ መስመሩን ይሥላል። ለዚህ ነው መስመሮቹ እንደዚያ ጥርት ያሉት። ችግሩ ግን ጨረሩ አንድ ነው። መስመር ሲበዛበት አይደርስም፣ ምስሉም መርገብገብ ይጀምራል። ሰፊ ቦታን በቀለም መሙላትማ የማይታሰብ ነበር።

በ1991 ኤሪክ ሻሂ የሠራው «አናዘር ወርልድ» ሌላ መንገድ ያዘ። በተራ ስክሪን ላይ፣ በቀለም የተሞሉ ጠፍጣፋ ቅርጾችን እየደረደረ ትዕይንት ሠራ። ዛሬም ሲታይ አያሳፍርም።

ከዚያ የፍላሽ ዘመን መጣ። በ2009 የወጣው «ማሺናሪየም» እና በ2011 የወጣው «ዘ ባይንዲንግ ኦፍ አይዛክ» የተሠሩት በፍላሽ ነው። ፍላሽ ቅርጾቹን በዋናነት የሚያሰላው በሲፒዩ (በኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ስለነበር መስኮቱን ወደ ሙሉ ስክሪን ስታሰፉት ፍጥነቱ ወገቡን ይሰበር ነበር። የአዶቤ ድጋፍ በ2020 መጨረሻ ቆመ፤ ብዙ ሰውም ቬክተር አብሮት የተቀበረ መሰለው።

አዲሱ ነገር እንግዲህ ሥራው ከሲፒዩ ወደ ጂፒዩ፣ ማለትም ምስል ለመሣል ወደተለየው ፕሮሰሰር፣ መዛወሩ ነው። ይሄ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። በተግባር ግን ዓመታት ፈጅቷል።

ጂፒዩ በሚሊዮን የሚቆጠር ሦስት ማዕዘን እየሣለ አንድ ኩርባ ለምን ያቅተዋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂፒዩ ሲሠራ የታሰበለት ለሦስት ማዕዘን ነው። ኩርባ የሚባል ነገር አያውቅም። የድሮው መፍትሔ ኩርባውን ወደ ብዙ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች መቁረጥ፣ ከዚያ ውስጡን በሦስት ማዕዘኖች መሙላት ነው። ይሠራል። ግን ካሜራው ሲጠጋ ማዕዘኖቹ ይጋለጣሉ። ሦስት ማዕዘን ሲጨመር ደግሞ ሥራው ይከብዳል።

የባሰው ችግር ሌላ ነው። አንድ ፒክሰል ከቅርጹ ውስጥ ይሁን ውጭ ለማወቅ የቅርጹን ዙሪያ በሙሉ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀዳዳ ያለው ቅርጽ ሲሆንማ ይብስበታል። በሲፒዩ ላይ ይሄ አያስቸግርም። ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዱ ስንት ጠርዝ እንደታለፈ ማስታወስ ነው። ጂፒዩ ግን ሺህ ፒክሰሎችን በአንዴ ነው የሚያሰላው። አንዱ ፒክሰል የጎረቤቱን ውጤት አይጠብቅም። «እስካሁን ስንት ጠርዝ አለፍኩ?» ተብሎ የሚሠራ ሥራ ከዚህ ባሕርይ ጋር አይስማማም። ከታች የምታዩዋቸው ዘዴዎች በሙሉ የዚህችን እንቅፋት መዞሪያ የሚፈልጉ ናቸው።

ዘዴዎቹ የትኞቹ ናቸው?

በ2005 ቻርልስ ሉፕና ጂም ብሊን ያቀረቡት ዘዴ እስካሁን ከማውቃቸው ሁሉ የሚያምረው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። የኩርባውን ሦስት ነጥቦች ወስዳችሁ አንድ ሦስት ማዕዘን ትሠራላችሁ። ለነጥቦቹ ሁለት ሁለት ቁጥር ትሰጣላችሁ፦ ለመጀመሪያው 0 እና 0፣ ለመካከለኛው 0.5 እና 0፣ ለመጨረሻው 1 እና 1። በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ፒክሰል የሚገባውን ቁጥር ጂፒዩ በራሱ ጊዜ ያከፋፍላል። የሼደሩ (ጂፒዩ ላይ ለእያንዳንዱ ፒክሰል የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ሥራ የመጀመሪያውን ቁጥር በራሱ አባዝቶ ሁለተኛውን መቀነስ ብቻ ነው። አንድ ፒክሰል 0.5 እና 0.4 ቢደርሰው፣ 0.25 ሲቀነስ 0.4 ከዜሮ በታች ነው፤ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ይቀባል። ሌላው 0.5 እና 0.1 ቢደርሰው ውጤቱ ከዜሮ በላይ ነው፤ ይታለፋል። አለቀ። አንድ ማባዛትና አንድ መቀነስ ብቻ! የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠጉም ኩርባው ኩርባ ነው። ቅር የሚያሰኘው ነገር ኩርባ ያልሆነው የቅርጹ የውስጥ ክፍል አሁንም በሦስት ማዕዘን መሞላት አለበት፤ ኩርባዎች ሲነባበሩም ተጨማሪ ጣጣ ያመጣሉ።

በ2007 ደግሞ የጌም ኩባንያው ቫልቭ ባልደረባ የሆነው ክሪስ ግሪን የርቀት መዝገብ ዘዴን ለጌም ሰዎች አስተዋወቀ። «ቲም ፎርትረስ 2» ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። በትንሽ ቴክስቸር ላይ ቀለም አይቀመጥም። እያንዳንዱ ፒክሰል ከቅርጹ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው የሚቀመጠው። ጠርዙ ራሱ 0.5 ላይ ነው። የተራራ ካርታ ላይ እኩል ከፍታዎችን የሚያያይዘው መስመር ማለት ነው። ካርታው ቢሰፋም መስመሩን እንደገና ማውጣት ይቻላል። ዘዴው ቀላልና ፈጣን ነው። ዙሪያውን ማስመር፣ ጥላ መጣል፣ እንዲያበራ ማድረግ ቢፈለግ ጠርዙን የሚወስነውን ቁጥር፣ ያንን 0.5፣ መቀየር ብቻ ይበቃል። ሹል ማዕዘኖች ግን ይዶለዱማሉ። ይህን ጉድለት በ2015 ቪክቶር ክሉምስኪ ርቀቱን በሦስቱ የቀለም ቻናሎች ከፋፍሎ በማስቀመጥ በደንብ አስተካከለው።

በ2011 የጂፒዩ አምራቹ ኤንቪዲያ ደግሞ በሁለት ዙር የሚሠራ መንገድ ይዞ መጣ። መጀመሪያ በስቴንስል ሜሞሪ (ጂፒዩ ለየፒክሰሉ ቁጥር በሚይዝበት ቦታ) ላይ የውስጥና የውጭ ቆጠራ ይደረጋል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ጥሩ ነበር። በአንድ አምራች ካርድ ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ግን ጌም ውስጥ የትም አይደርስም።

በ2017 ኤሪክ ሌንጄል «ስላግ» የተባለውን ዘዴ አሳተመ። እዚህ ላይ አስቀድሞ የተዘጋጀ ምስል የለም። ሼደሩ ኩርባዎቹን ራሳቸውን ያነባል፣ ከፒክሰሉ ተነስቶ በምናብ መስመር ይዘረጋል፣ ስንት ኩርባ እንዳቋረጠ ይቆጥራል። ሁሉንም ኩርባ እንዳያስስ ቅርጹ በቀጫጭን ረድፎች ተከፋፍሎ ይቀመጥለታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደሎች ላሉት እንደ ቻይንኛ ላለ ጽሕፈት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል በየመጠኑ ምስል ማዘጋጀት ቀረ ማለት ነው።

የቅርብ ጊዜው አቅጣጫ የኮምፒዩት ሼደር፣ ማለትም ጂፒዩን ለማንኛውም ስሌት የሚጠቀም ፕሮግራም፣ ነው። ከሞዚላ የወጣው «ፓዝፋይንደር» በዚህ መንገድ የተወሰነ ርቀት ሄዷል። ራፍ ሌቪን ከሌሎች ጋር የሚሠራው «ቬሎ» ደግሞ ሥራውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ጂፒዩ ላይ ጭኖታል። ስክሪኑ በትናንሽ ካሬዎች ይከፈላል። የትኛው ቅርጽ የትኛውን ካሬ እንደሚነካ ጂፒዩው ራሱ ይለያል። ከዚያ በየካሬው ውስጥ እያንዳንዱ ፒክሰል ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ይሰላል። «እስካሁን ስንት ጠርዝ አለፍኩ?» የሚለውን ጥያቄም በትይዩ የሚሠራ የድምር ስሌት ይመልሰዋል። ለጌምና ለአፕ አኒሜሽን የታሰበው «ራይቭ»ም የራሱን መሣያ በ2024 ኮዱን ክፍት አድርጎ ለቋል።

ዋናው ጥቅሙ ምስሉ አለመደብዘዙ አይደለም እንዴ?

ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ አልስማማም።

ጥራቱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ፉል ኤችዲ ስክሪን 2,073,600 ፒክሰል አለው፤ 4ኬ ደግሞ የዚያን አራት እጥፍ፣ 8,294,400። ትናንት የተሣለ ምስል ዛሬ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ግን ለዚህ ትልቅ ቴክስቸር መጫን በቂ ነው፤ ዲስክና ሜሞሪ ካለ ጉዳዩ ያልቃል።

በትልቅ ቴክስቸር የማይገኘው ነገር እንቅስቃሴ ነው። ቅርጹ ጌሙ እየሄደ በነጥብ መልክ ሲኖር በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ በሚወጣው በእያንዳንዱ ምስል) ልትቀይሩት ትችላላችሁ።

የአንድ ገጸ ባሕርይ የዓይን ቆብ እናስብ። አራት ነጥብ ያለው አንድ ኩርባ ነው። መካከለኞቹን ሁለት ነጥቦች ወደ ታች ብታወርዷቸው ዓይኑ ይከደናል። በግማሽ ብታቆሟቸው ያንቀላፋ ይመስላል። አንዱን ብቻ ዝቅ ብታደርጉ ተጠራጣሪ ፊት ይሆናል። ይህንኑ በምስል ለመሥራት ለእያንዳንዱ ሁኔታ ለየብቻ መሣል አለበት። ስድስት ምስል ካላችሁ ስድስት ደረጃ ነው ያላችሁ። ጌሙ ዝግ ብሎ የሚታይበት ትዕይንት ሲመጣ እነዚያ ስድስት ምስሎች ሲዘሉ በግልጽ ይታያሉ። ነጥቦቹ ግን በሴኮንድ 60 ፍሬምም ይሁን 144፣ መሐል ያለውን ሁሉ ሞልተው ይሄዳሉ።

ሌላም አለ። ካሜራው ሲርቅና ሲቀርብ የመስመሩ ውፍረት እንዳይቀየር ማድረግ ትችላላችሁ። የጠላት ቡድንን ቀለም በአንድ ቁጥር ትቀይራላችሁ። ጥይቱ ገጸ ባሕርዩን መንካት አለመንካቱን በዚያው በተሣለው ኩርባ ማስላት ይቻላል፤ ተጫዋቹ «አልነካኝም እኮ!» የሚልበት ምክንያት ይቀንሳል። ወደፊት ብዙ የሚሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የጌሙ መጠን በጣም ይቀንሳል?

እንደ ሥዕሉ ነው። ጠፍጣፋ ቀለም ላላቸው ቅርጾች በጣም ይቀንሳል። ፎቶን በሶፍትዌር ወደ ቬክተር ለውጣችሁ ከሆነ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ይወጣሉ፤ ፋይሉ ከፎቶው ሊበልጥም ይችላል።

ፎቶ የሚመስል ጌም በቬክተር መሥራት ይቻላል?

ዛሬ ላይ አይመከርም። ምርምሩ ግን አለ። በ2008 አሌክሳንድሪና ኦርዛንና ባልደረቦቿ የቀለም ሥርጭት ኩርባዎችን አቀረቡ። እያንዳንዱ ኩርባ በግራው አንድ፣ በቀኙ ሌላ ቀለም ይይዛል፤ ቀለሙም ሙቀት በብረት ላይ በሚሰራጭበት ሒሳብ ወደ ባዶው ቦታ ይፈስሳል። ውጤቱ ለስላሳ ጥላና ብርሃን ያለው የሚያምር ምስል ነው። ይሁንና ያንን ስሌት በየፍሬሙ ለሙሉ ስክሪን መፍታት ውድ ነው። ሣር፣ ፀጉር፣ የተሸበሸበ ቆዳ ደግሞ ዝርዝራቸው ማለቂያ የለውም። እዚያ ቦታ ላይ ቢትማፕ ያሸንፋል።

3ዲ ጌም ውስጥስ ምን ይሠራል?

3ዲ ሞዴሉ ራሱ ከነጥብ የተሠራ ነው፤ በዚያ መልኩ ግማሽ ቬክተር ነው። ቢትማፑ ላዩ ላይ የሚለጠፈው ቴክስቸር ነው። ተጫዋቹ ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ አጠገብ ቆሞ ሲያይ ፊደሎቹ የሚሟሙት ለዚህ ነው። የመንገድ ምልክት፣ የማሽን ላይ ጽሑፍ፣ የበረራ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በቬክተር ቴክስቸር ቢሠሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በ2008 ዲዬጎ ኔሃብና ሂዩ ሆፕ ቬክተር ሥዕልን በማንኛውም ነጥብ ላይ እንደ ቴክስቸር ማንበብ የሚቻልበትን መንገድ አሳይተዋል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ግን አለ። ቬክተር በቅርብ ጎበዝ ነው፤ በሩቅ ይደክማል። ቢትማፕ ሲርቅ አስቀድሞ የተዘጋጀ ትንሽ ቅጂ ይወጣለታል። ቬክተር ሲርቅ ግን አንዲት ፒክሰል ውስጥ ሃምሳ ኩርባ ሊታጨቅ ይችላል፤ ሁሉንም ማስላት አለባችሁ፣ አለዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን ማጣመር፣ በሩቅ ቢትማፕ፣ በቅርብ ቬክተር መጠቀም፣ ብልህ መፍትሔ ነው።

የጌም ኢንጂኖች (ጌም የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች) ይደግፉታል?

በከፊል። ዩኒቲ የኤስቪጂ (የተለመደው የቬክተር ምስል) ፋይልን ተቀብሎ ወደ ሦስት ማዕዘን የሚቀይር ጥቅል አለው፤ የጽሑፍ መሣሪያው «ቴክስትመሽ ፕሮ» ደግሞ በርቀት መዝገብ ዘዴ ይሠራል። ጎዶት ኤስቪጂ ይቀበላል፣ ሆኖም በተለመደው አካሄድ ሲያስገባ ወደ ቢትማፕ ይቀይረዋል። ይሄ ብዙ ጀማሪ የሚሸወድበት ነው፤ ፋይሉ ኤስቪጂ ስለሆነ ብቻ ሲያሳድጉት ጥርት የሚል ይመስላቸዋል። ለፎንት ግን ጎዶት 4 በሦስት ቻናል የሚሠራውን የርቀት መዝገብ ይደግፋል።

እንደ «አስትሮይድስ» በሚያበሩ መስመሮች የተሠራ ጌም ሁሉ ቬክተር ነው?

አይደለም። «ጂኦሜትሪ ዋርስ» መልኩ የቬክተር ነው፤ የሚሣለው ግን በተለመደው የጂፒዩ መንገድ ነው። መልክና አሠራር ለየቅል ናቸው።

ችግሮቹ ምንድን ናቸው?

መጀመሪያ የሚያናድደው የስፌት መስመር ነው። ሁለት ቅርጾች አንድ ጠርዝ ይጋራሉ እንበል። ጠርዙ አንዲት ፒክሰል መሐል ያልፋል። የመጀመሪያው ቅርጽ ግማሿን ሸፈነ። ሁለተኛው የቀረውን ግማሽ መሸፈን ሲገባው፣ መሣያው ግን የሚያውቀው «50 በመቶ ቀባ» የሚለውን ብቻ ስለሆነ በላዩ ላይ ግማሽ ይቀባል። ድምሩ 75 በመቶ ይሆናል። በቀሪው 25 በመቶ የጀርባው ቀለም ሾልኮ ይወጣል። ነጭ ጀርባ ላይ ሁለት ጥቁር ቅርጽ ብታጋጥሙ መሐላቸው ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ታያላችሁ። ሠዓሊው «እኔ እንደዚህ አልሣልኩም» ይላል፣ እውነቱን ነው። መድኃኒቱ አንዱን ቅርጽ ከሌላው ሥር ትንሽ ማስገባት ነው።

ሁለተኛው የመስመር ውፍረት ነው። ቤዚየር ኩርባን በእኩል ርቀት ተከትሎ የሚሄድ ጠርዝ በአብዛኛው ራሱ ቤዚየር ኩርባ አይሆንም። ስለዚህ ወፍራም መስመር ሁልጊዜ በግምት ነው የሚሠራው፤ ሹል መታጠፊያዎች ላይ ይበላሻል።

ሦስተኛው የፍጥነት ነገር ነው። ቢትማፕ ውስጡ ምንም ይሣል ምን ወጪው ያው ነው። ቬክተር እንደ ሥዕሉ ውስብስብነት ይለያያል። ሠዓሊው አንድ ኮፍያ ላይ ሁለት ሺህ ነጥብ ቢጨምር ያ ትዕይንት ብቻውን ይንገዳገዳል። ስልክ ላይ ደግሞ ግልጽነት ያላቸው ቅርጾች ሲነባበሩ ያው ፒክሰል ደጋግሞ ስለሚቀባ ባትሪም ይበላል።

ፒክሰል አርት ይጠፋል ማለት ነው?

በፍጹም። ከላይ ያነሳነው «ዘ ባይንዲንግ ኦፍ አይዛክ» ራሱ በ2014 እንደገና ሲሠራ ወደ ፒክሰል አርት ነው የሄደው። ፒክሰል አርት ቴክኖሎጂ ስለጎደለ የሚሠራ ነገር ሳይሆን ምርጫ ነው።

ልሞክረው ብል ከየት ልጀምር?

ከጽሑፍና ከሜኑ። ትርፉ ወዲያው ይታያል፣ ቢበላሽም ጌሙን አያፈርስም። ቀጥሎ ካርታና ምልክቶችን አስገቡ። ገጸ ባሕርይ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ያውም አንድ ብቻ፣ ፊቱ ብዙ የሚንቀሳቀሰው።

ልኬቱን ከመጀመሪያው ቀን ያዙት። በሴኮንድ 60 ፍሬም ከፈለጋችሁ ለሁሉም ነገር ያላችሁ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ቬክተሩ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደሚወስድ በጥሩ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ባለው ደካማ ስልክ ለኩት። የሠዓሊዎቹን የነጥብ ጣሪያም በዚያው ውጤት ወስኑ፣ ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት።